ሩብ ሰዓት ዝም ካልኩ

ቪዶሳቫ ፔይቺኖቪች ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አስራ አንዱን ዓመት ያሳለፈችው እስከ አስር ስትቆጥር ነው። ቀልድ ይመስላል እንጂ ኖቫ ቫሮሽ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም።

ከከተማዋ በላይ፣ ዝላታር ተራራ አናት ላይ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ሰው ካልጎነበሰ አይገባባትም። ይህችን የምታህል ትሁን እንጂ ከተራራው ጀርባ ላሉት ሦስት መንደሮች ኢንተርኔት የምታደርሰው እሷው ናት። በረዶው ሲከብድ፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ሲል፣ ውስጧ ከተደረደሩት ዕቃዎች አንዱ ቀጥ ይላል። አይቃጠል፣ አይሰበር፤ እንዳኮረፈ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ደግሞ ለሰው ሲነግሩት ያሳፍራል፤ ሶኬቱን ነቅሎ እስከ አስር መቁጠርና መልሶ መሰካት ነው። ለዚህች ለዚህች ቪዶሳቫ አሮጌዋን ቀይ ላዳ አስነስታ አርባ ደቂቃ ትነዳለች፣ መኪናዋ እምቢ ስትል ወርዳ በእግሯ ትወጣለች፣ ትነቅላለች፣ ትቆጥራለች፣ ትሰካለች፣ ትወርዳለች።

ባል አላገባችም። ገበያ ላይ ሴቶቹ ሲያገኟት፣ «ቪዳዬ፣ ባልሽ እንዴት ነው? ቆርቆሮው?» ይሏታል።

«ደህና ነው» ትላለች። «የኔው ሲበርደው ብቻ ነው የሚጠራኝ። የናንተዎቹ ሲርባቸውም ይጠራሉ።»

ወጣት ሳለች የከተማው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ትጠግን ነበር። ፋብሪካው ተዘግቶ ሁሉም ወደየፊናው ሲበተን እሷ የጎረቤት ጣሪያ ላይ እየወጣች አንቴና ታቀና ጀመር። ሲኒሻ ያገኛትም እዚያው ጣሪያ ላይ ነው። ሲኒሻ ከሷ በአስራ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ ትንሽ የኢንተርኔት ድርጅት ከፍቶ ሠራተኛ የጠፋበት ሰው ነበር። አንጋጥጦ፣ «እትዬ፣ ከፍታ አትፈሪም?» ቢላት፣ «እኔ የምፈራው ከታች ያለውን ሰው ነው» አለችው። መሰላሉን ሳትወርድ ተቀጠረች።

ሥራዋን ትወዳለች፤ ይህ ሐሰት የለበትም። አንድ ነገር ግን አንጀቷን ሲበላው ኖሯል።

በዚያ አገር እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቅዱስ አለው። ዝክሩ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ የሚመጣ እንግዳ ሳይጠራ ይመጣል፤ የቤቱ ሰው ግን ያን ቀን ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። የፔይቺኖቪቾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ የሚውለውም ከገና በሦስተኛው ቀን፣ በረዶው ወገብ በሚደርስበት ሰሞን ነው። እስጢፋኖስ ምን ያድርግ፣ ቀኑን የመረጠው እሱ አይደለም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቄሱ መጥተው፣ ክቡ የዝክር ዳቦ በመስቀል ተቆርጦ፣ ወይን ፈሶበት፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ይዞ ሲያዞረው ቪዶሳቫ ተራራ ላይ ነበረች። ቤት ስትደርስ በጎመን የተጠቀለለው ሥጋ ቀዝቅዞ፣ ሻማው ተንጨርጭሮ አልቆ፣ ዘፈኑ ግን ደርቶ ታገኘዋለች።

አባቷ አዛውንቱ ኦብራድ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን መስከረም ላይ፣ በርበሬ እየጠበሱ ሳለ፣ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሏት።

«ዘንድሮ ዳቦውን ላስረክብ ነው።»

«ለማን?»

«ሲዞር ፊት ለፊቴ ለያዘው እጅ። የአባቴም ደምብ ይሄው ነበር። አንቺ ካለሽ አንቺ ነሽ። ከሌለሽ ግቮዝደን አለ።»

ግቮዝደን የወንድማቸው ልጅ ነው። ቤልግሬድ የሚኖር የጥርስ ሐኪም፣ ክፉ ሰው ያልሆነ፣ ግን ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ የማያጣ። ዝክሩ ወደሱ ከሄደ የእስጢፋኖስ ሻማ ቤልግሬድ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይበራል፤ አያቶቿ የበሉበት የኖቫ ቫሮሹ ጠረጴዛ ደግሞ እንደማንኛውም ጠረጴዛ ይሆናል። ቪዶሳቫ ይህን ስታስብ የበርበሬው ጭስ ነው ብላ ዓይኗን ጠረገች።

በማግስቱ ሲኒሻ ቢሮ ገባች። አልተቀመጠችም።

«ወይ መላ አምጣ፣ ወይ ሌላ ቆጣሪ ፈልግ።»

ሲኒሻን ከተራራው ይልቅ እሷን ማጣት ያስፈራዋል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ኮንሶል ሰርቨር የሚሉትን ዕቃ ይዞላት መጣ።

ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ሳጥን ነው። በአንድ ጎኑ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ከየዕቃው ጀርባ በሰማያዊ ጠፍጣፋ ገመድ ይያያዛል፤ ኢንተርኔቱ ድርግም ብሎ ቢጠፋ እንኳ በዚያ ገመድ ዕቃውን በቀጥታ ማናገር ይቻላል። በሌላው ጎኑ ስምንት ሶኬት አለው፤ እያንዳንዱን ከሩቅ ሆኖ ማጥፋትና ማብራት ይቻላል። ትእዛዙ የሚደርሰው ደግሞ ሲም በገባባት አንዲት ትንሽ ሞደም በኩል ነው። እንግዲህ ያቺ ሞደም እስከበራች ድረስ ቪዶሳቫ ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ብትቆም፣ ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ እንደቆመች ነው።

ጥቅምት ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዋን ተራራው ላይ ገጠመችው። ሶኬቶቹን ተራ በተራ ሞላች፤ ዋናው ራውተር፣ ያ አኩራፊው ዕቃ፣ አራተኛው ላይ፣ የየመንደሩ ሬዲዮ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ላይ። ስድስተኛው ላይ የሚሰካ ስላልነበረ ማጣበቂያ ወረቀት ለጥፋ «ባዶ» ብላ ጻፈችበት። ስምንተኛው ላይ ከቤቱ ውጭ የተሰቀለውን ትልቁን አምፖል ሰካች። ለሥራው አያስፈልግም ነበር፤ እሷ ግን አማራት። ትንሿን ሞደም ከሳጥኑ አርቃ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካቻትና፣ «አንቺን ማንም አያጠፋሽም» አለቻት።

ከዚያ ዋናውን ራውተር በሰማያዊው ገመድ ልታናግረው ሞከረች። ስክሪኑ ላይ የመጣላት የጥያቄ ምልክትና የተሰባበረ ፊደል ብቻ ነው። ሁለቱ የሚያወሩበት ፍጥነት ካልተስማማ እንዲህ ነው፤ አንዱ ይቸኩላል፣ ሌላው ይንተባተባል። ፍጥነቱን ቀየረች፤ ሌላ ዝባዝንኬ መጣ። ደግማ ቀየረች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ አስራ አንድ ዓመት ሶኬትህን የነቀልኩት» አለችው። አምስተኛው ሙከራ ላይ፣ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ስትለው፣ ያ ሁሉ ዝባዝንኬ ድንገት ጠራና ንጹህ አንድ መስመር ወጣ። ማን ነሽ ብሎ ስሟን ጠየቃት። ቪዶሳቫ ጣሪያው አናቷን እስኪመታት ድረስ ጮቤ ረገጠች። እዚያ ተራራ ላይ ያያት ቁራ ብቻ ስለሆነ ምንም አልተሸማቀቀችም።

የመጨረሻው ሥራዋ ግን ከአባቷ የተማረችው ነው። ኦብራድ ሰላሳ ሁለት ዓመት በዚያው መንገድ አውቶቡስ ነድተዋል። በበረዶ ወራት ከጣቢያ ሳይነሱ በፊት ለስምሪቷ ሴትዮ፣ «አንድ ሰዓት ዝም ካልኩ ትራክተሩን ላኪ» ይሏታል። እሷም መዝገቧ ላይ አስፍራ፣ «ጽፌያለሁ፣ ኦብራድ፣ ውጣ» ትላቸዋለች። ይህች ቃል ሳትባል ሞተር አስነስተው አያውቁም። ቪዶሳቫም ሳጥኑን እንዲሁ አስተማረችው። አደገኛ ነገር ከማዘዟ በፊት አንዲት መስመር ትጽፍለታለች፤ ሩብ ሰዓት ዝም ካልኩ ሁሉንም እንደነበረ መልስ የምትል። ሳጥኑ «ተመዝግቧል» ይላታል። በየጊዜው ሳትሰለች መጻፍ ነው እንጂ አንዴ የተጻፈው ለሁልጊዜ አይሆንም።

ሲያልቅ ቡና አፈላች። በዚያ አገር ሥራ በቡና ይከፈታል፣ በቡና ይዘጋል፤ ቡና ያልተጠጣበት ሥራ ተጨርሷል ብሎ የሚያምን የለም። ትንሿን ስቶቭ ሰክታ፣ ሁለት ስኒ ጠጥታ፣ በደስታ እያፏጨች ወረደች። ግድግዳው ላይ ያሉት ሶኬቶች ሁለት ብቻ መሆናቸውን፣ ስቶቩም የት እንደተሰካ ያን ቀን የጠየቀ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ከተማው እረፍት አጣ። ቪዶሳቫ ዳቦ ቤት ተሰልፋ አምፖሏን ታበራለች፤ ፀጉር ቤት ተቀምጣ ታጠፋለች። ሲመሽ አባቷን መስኮት ዳር አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ እይ» ትልና ተራራው ላይ አምፖሏ ሁለቴ ትጠቅሳቸዋለች። ኦብራድም ባርኔጣቸውን አንስተው ለተራራው ሰላምታ ይመልሳሉ። ኅዳር ላይ ራውተሩ ሁለት ጊዜ ቀጥ አለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከአልጋዋ ሳትነሳ አራተኛውን አጥፍታ፣ እስከ አስር ቆጥራ፣ አበራችው። ገበያ ላይ ያሉት ሴቶች፣ «በቃ ፈታሽው ማለት ነው» አሏት። «አልፈታሁትም፣ በስልክ ሆንን እንጂ» አለች።

እስጢፋኖስ ደረሰ። ጠዋት ሲጥል የነበረው በረዶ ቀትር ላይ አባራ፤ ሰማዩ ጠራ። ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው የኦብራድ የአውቶቡስ ጓደኛ፣ የፋብሪካ ባልደረባዋ፣ ማንነቱን ማንም በቅጡ ያላወቀው አንድ ቆብ ያደረገ ሰውዬ፣ ሁሉም ከደጅ በረዷቸውን እያራገፉ፣ ስኳር የገባበትን የስንዴ ንፍሮ በማንኪያ እየቀመሱ፣ የፕሪም አረቄያቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። ግቮዝደን ሚስቱን አስከትሎ ከቤልግሬድ መጥቷል። ቪዶሳቫ በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ተቀባይ ሆና እጇ ዱቄት በዱቄት፣ ጉንጯ ቲማቲም መስሎ ከወጥ ቤት ሳሎን ትመላለሳለች። ደስታው ከመብዛቱ የተነሳ አንዱን እንግዳ ሁለት ጊዜ ሳመችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቄስ ቶዶር ገቡ። ገና ካባቸውን ሳያወልቁ፣ «ልጆቼ፣ ከዚህ ሌላ አራት እስጢፋኖስ ይጠብቀኛል፤ ቶሎ እንበል» አሉ። ልክ በዚህ ጊዜ የቤቱ ስልክ ጮኸ፤ ቪዶሳቫ አነሳችው። ሲኒሻ ነበር፤ ቻቻክ ከተማ አማቶቹ ቤት ተቀምጦ።

«እትዬ ቪዳ፣ ሦስቱም መንደር ጠፉ። ሰዉ እየደወለ ነው፤ ቪየና ያሉት ልጆቻቸው በስክሪን ሆነው ዳቦ ሊያዞሩ ነበር።»

«ስልኩን እንዳትዘጋው» አለች ቪዶሳቫ፣ እንደ ንግሥት ረጋ ብላ። «ተቀምጠህ ጠብቅ።»

እጇን በሽርጧ ጠርጋ የቤቱን ስልክ ለሲኒሻ ትታ፣ በራሷ ስልክ ወደ ሳጥኑ ገባች። እንግዶቹ ከበቧት። ግቮዝደን በትከሻዋ ላይ አጮልቆ፣ «እህት ዓለም፣ ተራራ የሚታዘዘው በዚህች ነው?» አላት።

«አፍህን ክፈት ካልኩህ አንተም ትታዘዛለህ» አለችው። ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እየሳቀች ጻፈች፣ አራተኛውን አጠፋች፣ «ቁጠሩ» አለች። ቤቱ በሙሉ፣ ቄሱም ጭምር፣ አንድ ሁለት ብሎ እስከ አስር ቆጠረ። አበራችው።

«ሁለቱ መጡ» አለ ሲኒሻ። «ሦስተኛው መንደር፣ ራዶይኛ፣ የለም።»

«ራዶይኛ ሁልጊዜም ግትር ነው» አለች። «ሁሉንም ባንዴ አጥፍቼ አበራዋለሁ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ስምንቱንም በአንድ ትእዛዝ አጠፋች። በመስኮቱ ተራራው ላይ ለበዓሉ ብላ ያበራቻት አምፖል ድርግም ስትል ሁሉም አየ፤ ቤቱ በጭብጨባ አስተጋባ፤ ቆጠራው ተጀመረ። ሦስት ላይ ሲደርሱ የቪዶሳቫ ስልክ ግንኙነቱ ተቋርጧል አላት። እንግዶቹ ምንም አላወቁም፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያሉ አስር ደረሱና እልል አሉ። እሷ ግን ክው ብላ ቀርታለች።

ቡናው ትዝ አላት። ስቶቩ ብዙ ኃይል ስለሚጎትት ሳጥኑ ላይ አይሰካም፤ የግድ ግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ አንዱ ሶኬት የሳጥኑ፣ ሌላው የሞደሟ ነው። ያን ቀን ለሁለት ስኒ ቡና ሞደሟን ነቅላ፣ ለጊዜው ብላ ስድስተኛው ላይ፣ «ባዶ» የሚል የተለጠፈበት ሶኬት ላይ ሰካቻት። ከዚያ እያፏጨች ወረደች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። አሁን ሞደሟ ጠፍታለች፤ ሞደሟን አብራ ብላ የምታዝበት መንገድ ደግሞ ያችው ሞደም ነበረች።

«ምን ሆነ?» አለ ሲኒሻ።

«ሁሉንም አጠፋሁት። ራሴንም ጭምር።»

ሲኒሻ ፈጥኖ አሰላ። «መንገዱን አስር ሰዓት ላይ ይዘጉታል፤ በረዶ ጠራጊው ከዚያ በኋላ እስከ ነገ አይወጣም። አሁን ከተነሳሽ ትደርሻለሽ። እኔ ከቻቻክ ልድረስ ብል እንኳ አልደርስም፣ እትዬ።»

ቪዶሳቫ ሰዓቱን አየች፤ ዘጠኝ ከሩብ። አርባ ደቂቃ መንገድ። አምስት ደቂቃ ብትባክን አለቀ። ሦስት መንደር፣ ስክሪን ፊት ዳቦ ይዘው የተቀመጡ አባቶችና እናቶች። ወደ በሩ ሄዳ ቦት ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ቄስ ቶዶር ወደ ኦብራድ አዩ። ግቮዝደን በቀስታ፣ ከልቡ እያዘነላት ይመስላል፣ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

ኦብራድ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። «ምን ሆነ?» አሉ። ነገረቻቸው። ሞደሟን፣ ቡናውን፣ ሁሉንም።

«ሩብ ሰዓት ዝም ካልኩ ብለሽዋል?»

ቪዶሳቫ ሁለተኛውን ቦት እንደያዘች ቆመች። «ሁልጊዜ እላለሁ፣ አባዬ። ዛሬ ግን እንጃ። ሰው ከቦኝ ነበር። እየሳቅሁ ነበር። መጻፌን አላስታውስም።»

«እኔ ሰላሳ ሁለት ዓመት ለስምሪቷ ሴትዮ ተናግሬያለሁ። የተናገርኩበትን አንዱን ቀን ንገረኝ ብትይኝ አላስታውስም። ልብ የሚያስታውሰው የረሳንበትን ቀን ነው። ልምድ የሆነውን እጅ ነው የሚያውቀው።»

«ካልጻፍኩስ? መንደሩ እስከ ነገ ጨለማ ነው።»

«ካልጻፍሽ እኔ ራሴ እያንዳንዱ ቤት ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስልካቸውን አውቀዋለሁ፤ ሁሉም አውቶቡሴ ላይ ተቀምጠዋል።» ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባታችን፣ ይጀምሩ።»

ቪዶሳቫ ሁለተኛውን ቦት ከበሩ ስር ጣለችው። አንዱ እግሯ ቦት፣ ሌላው ቀይ የሱፍ ካልሲ እንዳጠለቀ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ከአባቷ ፊት ለፊት ቆመችና ዳቦውን ያዘች።

እውነቱን መናገር ካለብን ያን ቀን ጸሎት ላይ የነበረ ጆሮ እንጂ ዓይን አልነበረም። ዳቦው ተቆረጠ፣ ወይኑ ፈሰሰ፣ ዝማሬው ተጀመረ፣ ዳቦው መዞር ያዘ፤ የሁሉም ዓይን ግን መስኮቱ ላይ ነው። ቆብ ያደረገው ሰውዬ ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን መስተዋቱ ላይ ለጥፏል። ቄስ ቶዶር አንድ ጊዜ፣ «ልጆቼ፣ ወደ ዳቦው» ብለው ገሠጹና መልሰው እሳቸው ራሳቸው ተራራውን አዩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተራራው ሰማያዊ ሆነ፤ ቆርቆሮ ቤቷ ያለችበት ቦታ ጨለመ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ አምስት አለ። ዘጠኝ ከሃያ ስድስት። የግቮዝደን እጅጌ እስካሁን እንደተጠቀለለ ነው፤ እጁ ግን ወደ ዳቦው አልመጣም፤ ከሚስቱ እጅ ውስጥ ገብቷል። ዳቦው ሁለተኛ ዞረ። ቪዶሳቫ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ባየች ይቀላት ነበር፤ ግን ድፍረት አጣች። ሲዞር የአባቷን ጣቶች በዳቦው ማዶ ይሰማታል፤ ደረቅ፣ ሞቃት፣ የማይንቀጠቀጡ።

«በራ» አለ ግቮዝደን ቀስ ብሎ።

ዝማሬው ተቋረጠ። «በራ እኮ» አለ ደግሞ፣ የራሱ ጥርስ የወለቀለት ሰው ይመስል። ቪዶሳቫ ዓይኗን ገለጠች። ተራራው ላይ ያቺ አምፖል፣ ለሥራ የማታስፈልገው፣ እሷ ስላማራት የሰቀለቻት፣ በርታ ቆማለች። እንግዲህ እጇ ጽፎ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል፣ ሳታውቀው። ሰዉ ዳቦውን ሳይለቅ መሳቅ ጀመረ፤ ዳቦው በሳቁ እየተንቀጠቀጠ ሦስተኛ ዞረ። ቄስ ቶዶር ዝማሬው የት ላይ እንደተቋረጠ ጠፍቷቸው ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ አራቱ እስጢፋኖሶችም ይጠብቁ አሉ።

ሁለት ደቂቃ ቆይቶ የቤቱ ስልክ ላይ የሲኒሻ ድምፅ ተሰማ፤ ለካ እስካሁን መስመሩን አልዘጋም።

«እትዬ ቪዳ፣ ሦስቱም መጡ። ራዶይኛም መጥቷል። ምን አደረግሽ?»

«ምንም» አለች ቪዶሳቫ። «ዝም አልኩ።»

ቤቱ እንደገና ፈነዳ። ግቮዝደን እጅጌውን ፈታ፣ አዝራሩን ቆለፈ፣ የፕሪም አረቄውን አነሳና፣ «እኔ ጥርስ እንጂ ተራራ አልነቅልም፤ ዝክሩ ለባለቤቱ ይሁን» አለ። ከዚያ ሳማት፣ ሚስቱም ሳመቻት፣ ቆብ ያደረገው ሰውዬም ሳማት፤ ማን እንደሆነ አሁንም የጠየቀው የለም።

ኦብራድ ዳቦውን ከመሀል ገመሱት። ትልቁን ቁራሽ ለልጃቸው ሰጡ። ሰዉ ለዘፈን ጉሮሮውን ሲጠራርግ ጎንበስ ብለው፣ እሷ ብቻ እንድትሰማ ነገሯት።

«እኔም አንዲት ነገር ልናገር። ለሚመጣው እስጢፋኖስ ዝም ካልኩ፣ ሁሉንም እንደነበረ መልሺ። ሻማውን፣ ንፍሮውን፣ ይሄን ሁሉ ሰው። እንዳይጨልም።»

ቪዶሳቫ አየቻቸው። ሳቋ ገና አፏ ላይ ነበር፣ እንባዋም ገና ጉንጯ ላይ።

«ጽፌያለሁ፣ አባዬ» አለቻቸው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የቀረውን ቦት አወለቀች።